ሸማኔ ከሸማኔ ሲቀስም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው። የዘመኑ ሰው ያን እንግዳ መሣሪያ ሲያይ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አለው፤ ስሙም ከመሣሪያው ወደ ሠፈሩ፣ ከሠፈሩም ወደ ክፍለ ከተማው ተሸጋገረ። ይሁንና ይህን ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ የሚያገኘው እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ «ስልክ» የሚለውን በራሱ ቋንቋ ያነበውና «የነፋስ ሐር ማለት ይሆን?» ብሎ ያስባል። ጥያቄው ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን በጭራሽ አይደለም ብሎ መመለስም አይቻልም። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳ፣ ሐር በእርግጥ ተፈትሏል፤ ተሸምኗልም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳዊቷ በካቲ ማርሻል የተመሠረተው ሳባሐር የተባለው የሽመና ድርጅት ሥራውን የተከለው በመካኒሳ ነው። ስሙ ከሳባና ከሐር የተገጣጠመ ነው። ድርጅቱ የተጠቀመበት ትል በቻይና የሚታወቀው ዓይነት ሳይሆን የጉሎ ቅጠል የሚበላው፣ መነሻው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሆነውና ኤሪ ተብሎ የሚጠራው ነው። የኤሪ ትል በላዩ ላይ የሚሠራው ጎጆ ጫፉ ክፍት በመሆኑ የቢራቢሮዋ መውጫ አለው። ስለዚህም እንደ ቻይናው ሐር ከጎጆው ላይ አንድ ወጥ ክር ሆኖ አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል እንጂ። መፍተልን ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ከእናቷ ተምራዋለች። እንዝርቱን ለመጨበጥ፣ ክሩን ለማክረር፣ ልቃቂቱን ለመጠቅለል አዲስ መምህር አላስፈለጋትም። ባዕዱ ጥሬ ዕቃ ወደ ቤት የገባው አስቀድሞ በሚታወቅ የእጅ ልማድ በር ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ሊመረምረው የሚሻውም ይኸንኑ በር ነው። ሙያውን ገና በመማር ላይ ያለ ሸማኔ ከሌሎች ሸማኔዎችና የጨርቅ ንድፍ አውጪዎች ምን ሊወስድ ይችላል? የሚወስደውንስ በምን መንገድ የራሱ ያደርገዋል? ነገሩ የዛሬ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ነው።

በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ ልብሶችን፣ ከአርሲኖኤ የመጡ መጎናጸፊያዎችንና ከሕንድ የተጫነ የጥጥ ጨርቅን ይጠቅሳል። በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ ከወደሙት ጎተራዎች ጋር ጥጥ ተነሥቷል። የአክሱም ሰው እንግዲህ የሌላውን አገር ሸማኔ ሥራ ዳስሷል፤ ለብሷል፤ በዋጋውም ተከራክሯል። ሸማኔ ደግሞ ጨርቅ ሲያይ እንደ ገዢ አያይም፤ ጠርዙን ገልብጦ ጀርባውን ይመለከታል።

ጥጥና ፈትል በአገር ውስጥ ሞልተው ሳለ የደመቀ ቀለም ያለው ክር ግን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሸማኔው ይህን ችግር የተወጣበት ዘዴ በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ከጎበኙ ተጓዦች ማስታወሻዎች ይታወቃል። ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ይገዛና ይተረተራል፤ ክሩ አንድ በአንድ ተለቅሞ በቀሰም ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያም በነጩ ሸማ ጫፍ ላይ ጥለት ሆኖ ይሸመናል። የሕንዱ ወይም የአውሮፓው ሸማኔ የደከመበት ጨርቅ እንደ ጨርቅ ይጠፋል፤ ቀለሙ ብቻ በሌላ እጅ፣ በሌላ ሥርዓት ተመልሶ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው። ጨርቅ የሚተረትር ሰው ከክሩ በላይ የሚያገኘው ነገር አለ። ድሩ ምን ያህል እንደ ጠበቀ፣ ማጉ በስንት ክር ላይ አልፎ በስንቱ ሥር እንደ ገባ፣ ክሩ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንደ ከረረ፣ ቀለሙ እስከ ውስጥ ይዝለቅ ወይስ ላይ ላዩን ይቅር ሁሉንም በጣቱ ያነባል። በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የሽመና ትምህርት ቤት ሊኖር አይችልም እላለሁ። ቀሰም የሸማኔው ክር መጠቅለያ መሆኑና ዕውቀትንም ቀሰመ መባሉ ለዚህ ነገር በእጅጉ ይስማማል፤ የቃል ምርምሩን ለቋንቋ ሊቃውንት ትቼ።

ዘዴው የእኛ ብቻ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዘመን በዛሬይቱ ጋና ምድር በነገሠው በአሻንቲው ንጉሥ በኦፖኩ ዋሬ ዘመን ሸማኔዎች ከአውሮፓ ነጋዴዎች የተገዛውን የሐር ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ከጥጥ ጋር ይሸምኑ እንደ ነበር በባሕሩ ጠረፍ የነበሩ የዴንማርክ ሰዎች ጽፈዋል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የኬንቴ ጨርቅ ድምቀቱን ያገኘው በዚህ ዓይነት ነው። ኬንቴን አይቶ የአውሮፓ ቅጂ ነው የሚል ሰው የለም።

በእኛም አገር በዚያው መቶ ዘመን ከሁሉ የላቀው ሥራ በጎንደር ተሠርቷል። ከውጭ በመጣ የሐር ክር የተሸመኑ፣ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃነት የታሰቡ ታላላቅ ጨርቆች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛሉ። የቶሮንቶው ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። በላያቸው የሚታዩት ካህናት፣ መኳንንትና መሣሪያ የያዙ ሰዎች በቀለም የተሣሉ ወይም በመርፌ የተጠለፉ አይደሉም፤ ከጨርቁ ጋር አብረው የተሸመኑ ናቸው።

የአሠራራቸው ዘዴ ከተለመደው የሸማኔ ጉድጓድ የተለየ ነው። በአራት ማዕዘናቸው የተበሱ ትናንሽ ሰሌዳዎች በብዛት ይደረደራሉ፤ በየቀዳዳው የድር ክር ያልፋል፤ ሠራተኛው ሰሌዳዎቹን ባዞረ ቁጥር ክሮቹ ቦታ እየተለዋወጡ ለማጉ መንገድ ይከፍታሉ። በዓለም በብዙ አገሮች ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ቀበቶና ጠባብ ጥብጣብ ለመሥራት ነበር። የጎንደር ሠራተኞች ግን ይህንኑ የጥብጣብ ዘዴ ወስደው ግድግዳ የሚሸፍን ጨርቅ አወጡበት። በሰሌዳ ከተሸመኑ ሥራዎች ሁሉ ታላላቆቹ ከሚባሉት መካከል የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የታሪክ ምሁር ሚካኤል ጀርቨርስ እነዚህን መጋረጃዎች በሰፊው መርምረዋል።

በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። ሐሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያን የሥዕል ልማድ የሚታይበት፣ ዘዴው ከጠባብ ጥብጣብ የተነሣ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ነው አገርኛ የትኛውስ ባዕድ? መጋረጃው ፊት የቆመ ሰው ይህን ለመለየት አይችልም፤ ለመለየትም አይቸኩልም።

ጨርቆቹ ከአገር የወጡት ከመቅደላ በኋላ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱና የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከዘረፈ ወዲህ የአገራችን ሸማኔ ከራሱ ቀደምቶች ታላቅ ሥራ ጋር ተለያየ። መጻሕፍቱና አክሊሎቹ ስለ መወሰዳቸው ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የብራና መጽሐፍ ቢወሰድ ሌላ የብራና መጽሐፍ በሌላ ደብር ይገኛል፤ ጸሐፊውም መጻፉን አላቋረጠም። የሰሌዳው ሽመና ግን በዛሬው የሸማኔ መንደር አይታይም። ተማሪው ሊተረትረው ቀርቶ ሊዳስሰው የሚችል ናሙና በአጠገቡ አልቀረለትም።

የሠሪዎቹ ስም አለመጻፉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሸማኔ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተናቀ ሰው ነበር። ንጉሡም፣ መነኩሴውም፣ ባላገሩም የእርሱን ሥራ ለብሰው እርሱን «ቁጢት በጣሽ» ብለው ይሰድቡት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚያለፋውንና የሚጽፈውን ሁሉ በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢም በእስራት እንደሚቀጣ ደነገጉ። አዋጁ ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። ሥዕል የሚማር ወጣት እነ አለ ፈለገ ሰላምን፣ እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታን በስም ጠርቶ ፈለጋቸውን ሲከተል፣ ሽመና የሚማረው ወጣት በስም የሚጠራው የጥንት መምህር ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስም ባይኖርም መምህር አልታጣም። በአዲስ አበባ ሽመና ሲባል ከሁሉ በፊት የሚነሡት ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከጨንቻ አካባቢ ከዶርዜ የመጡት ሸማኔዎች ናቸው። አካባቢው በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ዋና ከተማይቱ እየመጡ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሠፈሩ። ልጁ ከአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ መጀመሪያ ቀሰም ይሞላል፤ ቀጥሎ የተበጠሰ ድር ይቀጥላል፤ ከዚያ ነጩን ሸማ ይሸምናል፤ ጥለት ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ነው። ንድፉ በወረቀት አይሰፍርም። ስንት ድር አንሥቶ የትኛውን ቀለም እንደሚያሳልፍ በቃሉ ይይዘዋል፤ ጎረቤቱ ያወጣውን አዲስ ጥለትም በገበያ ቀን አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቆጥሮ ያወጣዋል። በደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሮቹ የሚታወቀው የጋሞ ዱንጉዛም ከደጋው ወርዶ በሌሎች አካባቢዎች ልብስ ላይ ሊታይ የቻለው እንዲህ ከዓይን ወደ ዓይን፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ነው።

ይህ ሥርዓት መልካም ጎን ብቻ የለውም፤ ይህን አለመናገር ታሪክን ማሳመር ይሆናል። ከጋሞ ደጋ «ሙያ ይማራል፣ ትምህርት ቤት ይገባል» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሕፃናት ከንጋት እስከ ሌሊት በጉድጓድ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ መገኘታቸው በተደጋጋሚ የተመዘገበ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሚሸምነው የታዘዘውን አንድ ዓይነት ጥለት ብቻ ነው። የሌላውን ሥራ የሚያይበት ጊዜ፣ የራሱን የሚሞክርበት ክር የለውም። ከሌላ ሥራ መነሣሣት የሚባለው ነገር በመጀመሪያ ነፃ ሰዓት እንደሚጠይቅ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

መደበኛው ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ከዘርፎቹ አንዱ ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ዓላማው ለፋብሪካ ባለሙያ ማፍራት ነበር፤ በዚያው ከተማ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሆነ ከንፋስ ስልክ በስተደቡብ በአቃቂ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ፋብሪካ ሰው ይፈልጉ ነበር። በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ያተኮረው በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ነበር። የሸማኔው ጉድጓድ በሁለቱ መካከል ቀረ፤ ለመሐንዲሱ ኋላ ቀር መሣሪያ፣ ለሠዓሊው ተራ የእጅ ሥራ ሆኖ።

ይህ መከፋፈል በሌላውም ዓለም ነበር። አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን ወደ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ስትገባ መማር የፈለገችው የመስተዋት ሥራ ነበር፤ ይሁንና በዚያ ትምህርት ቤት ሴቶች የሚላኩት ወደ ሽመናው ክፍል ነበርና እርስዋም ሸማኔ ሆነች። በእኛ አገር ሴት ፈታይ፣ ወንድ ሸማኔ ሆኖ ሲኖር በዚያ ሽመና ለሴት የተተወ ሥራ መሆኑ ያስገርማል። አልበርስ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ የጥንት የፔሩን ጨርቆች ማጥናት ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሽመና ያሳተመችውን መጽሐፍ መታሰቢያነት የሰጠችውም ለእነዚያ ስማቸው ላልታወቀ የፔሩ ሸማኔዎች ሲሆን ታላላቅ መምህሮቼ ስትል ጠርታቸዋለች። ለተማሪዎችዋም የጥንቶቹን ጥለት ገልብጡ አላለቻቸውም። በወገብ የሚታሰረውን ጥንታዊ የሽመና ዕቃ ራሳቸው ሠርተው እንዲሸምኑበት ታደርግ ነበር፤ የጥንቱ ሸማኔ የገጠመው ችግር እነርሱንም እንዲገጥማቸው።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በሙዚየም የተከማቹትን የመካከለኛው ዘመን ጨርቆች ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1879 ባለ ሥዕል ጨርቅ የመሸመንን ጥበብ ከአንድ የቆየ የፈረንሳይ መጽሐፍ ለብቻው ለመማር ተነሣ። የሽመና ዕቃውን በመኝታ ክፍሉ ተክሎ ጎሕ ሲቀድ እየተነሣ ሠራ፤ የመጀመሪያ ሥራውም 516 ሰዓት ወሰደበት። ሰዓቱን መዝግቦ መያዙን ወድጄለታለሁ። ሌላውን አይቶ መደነቅ የአንድ አፍታ ነው፤ ሌላው የሠራውን በራስ እጅ ማወቅ ግን ይህን ያህል ጊዜ ይበላል።

ወደ መካኒሳ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ አጥኚዋ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት የዞማ ሙዚየም የተከፈተው በዚሁ ሠፈር ነው። ኤልያስ ሸማኔ አይደለም። ሆኖም ከቀደሙት ሥራዎቹ ብዙዎቹ በሸራ ላይ በክርና በመርፌ የተሰፉ ናቸው፤ ኋላም ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች የወጡ ባለ ቀለም ሽቦዎችን እየጎነጎነ በሰሌዳ ላይ አነጠፋቸው። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ሰፊ ጨርቅ የተዘረጋ ይመስለዋል። በነፋስ ስልክ ስም በተጠራ ክፍለ ከተማ የስልክ ሽቦ እንደ ክር ሲቆጠር ማየት ደስ ይላል። ለሽመና ተማሪው ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግን ከስሙ አጋጣሚ በላይ ነው፤ ኤልያስ ከጥልፍና ከጉንጎና የወሰደው መልኩን ሳይሆን ሥራው የሚጠይቀውን ትዕግሥትና ቆጠራ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ነገር በየገበያው ተዘርግቷል። በቅርብ ዓመታት የሸማኔው ጥለት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በውጭ አገር ፋብሪካ በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ታትሞ ይገባል፤ ከእጅ ሥራው እጅግ ባነሰ ዋጋም ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ነው፤ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ገርጥቷል፤ ክሩ አያልፍም። የሸማኔን ጥለት የወሰደው ሰው ጨርቁን አልተረተረም፤ አንዲት ድርም አልቆጠረም። ለሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከዚህ ጨርቅ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ የበዓል ገበያው ሲያመልጠውም ልጁን ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ይመክረዋል። ሕጉም ብዙ አይረዳውም። የኢንዱስትሪያዊ ንድፎችን ጭምር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ንድፍ ነው፤ ከአያት የወረደ ጥለት ግን አዲስ አይደለም፤ ባለቤቱም አንድ ሰው አይደለም።

በአንጻሩ ጥለቱን በሸማኔው እጅ እያሠሩ አዲስ መልክ የሰጡ ንድፍ አውጪዎች አሉ። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ስታቋቁም ዓላማዋ ገበያ ላጡ ሸማኔዎች ሥራ ማስገኘት ነበር፤ ፍቅርተ አዲስም «የፍቅር» በተባለው የዲዛይን ቤቷ ከሸማኔዎች ጋር ሠርታለች። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም በዚህ ሙያ በልብሱ አንገት ላይ የሚሰፋው ስም በየትም አገር የንድፍ አውጪው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ተማሪው ሁለቱንም፣ የንድፉንም የጉድጓዱንም ሙያ፣ በአንድ ራስ ቢይዝ ግን ማን ማንን አነሣሣ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀልለታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። ሙዚየሞች ጨርቅን የሚያሳዩት ዘወትር በፊቱ በኩል ነው፤ ሸማኔ የሚፈልገው ደግሞ ጀርባውን ነው። ስለ ጎንደሮቹ መጋረጃዎች መመለስ የሚደረገው ክርክር የራሱን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ የሁለቱም ፊትና ጀርባ በቅርብ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ክር እስኪታይ በትልቁ ታትሞ፣ ከጥቂት የተበሱ ሰሌዳዎችና ከአንድ ልቃቂት የመካኒሳ ሐር ጋር በሽመና ክፍሎች ሊቀመጥ ይችላል። ድሩን ከጎንደሮቹ በኋላ እንደገና መቁጠር የሚጀምረው ተማሪ ሰሌዳዎቹን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዞር ከፎቶግራፉ ላይ ያገኘዋል።